የፍትግ ቤቱ መዝገብ

ሐይቁ ሸሽቶ፣ ከናበጋ ጥቁር ጭቃ በተወበት፣
አምስት ጎጥ ገንዘብ አዋጥቶ ቆርቆሮ ቤት አቆመበት።
ሚዛን እኔ፣ መዝገብ እኔ፣ ቁልፉ በክር አንገቴ ላይ፤
ሩዙ ለፍትግ ደርሶ እንደሁ እርጥበቱን ለክቼ የማይ።
ከአስራ አራት ካለፈብኝ «ሸራ ላይ አስጡት፣ ነገ ኑ» እላለሁ፤
ስድባቸውን ከክብደቱ ጎን፣ በሆዴ፣ እጽፋለሁ።

ድሮማ፣ ድሮ ያልኩት አምናን ነው፣
ሩዛችን በአህያ ጀርባ ወረታ ነበር የሚሄደው።
ባለ ሞተሩ ሙጨ ከኩንታል ስምንት ኪሎ ለራሱ፤
ድቃቂው የሱ፣ ፉርሽካው የሱ፣ ከወለል የተጠረገው የሱ።
የኛ ግማሹ ስባሪ፣ ግማሹ ጠጠር፣
ነጋዴው ዋጋ ሲቆርጥ ዓይናችን መሬት ሲቆፍር
ይመሽ ነበር።

ሰባት እሁድ ተሰበሰብን፣ አንዱ ሲመጣ አንዱ ሄደ፤
ብረቱስ በአይሱዙ መጣ፤ ከብረቱ ሰው ከበደ።
«የጋራ አህያ» አሉ አባ ጓዴ «የሚጭናት ሞልቶ፣ የሚያበላት የለ።»
ጉባኤው ሳቀ፤ ተሳሳተዋል ግን ማንም አላለ።
እናኑ፣ የሟች ባሏን በሬ ሸጣ ድርሻ የገዛች፣
«ተራው ከማን ይጀምራል?» ብላ ጠይቃ ዝም አሰኘች።
ተራ! እሱን ያሰበ አልነበረም።
በዕጣ ሆነ።

ከዚያ ያች የኅዳር ሐሙስ።
ገብያውና አንዳርጌ፣ በአንድ ክንድ ድንበር ተካሰው፣
አስራ አንድ ዓመት ደብረ ታቦር የጠበቃ ደጅ ተመላልሰው፣
ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው
የሚቀመጡ ሁለቱ፣ በአንድ ጧት መጡ ጭነው።
ሁለት ኩንታል የዚህ፣ ሁለት ኩንታል የዚያ።
ጽፌ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።
ጄኔሬተሩ ሲያስል፣ ሲያስል፣ እስኪነሳ በስንት ልፋት፣
ጎረምሶቹ በጨለማ፣ በችኮላና በስህተት፣
የሁለቱንም በአንድ ማጉረሻ፣ በአንድ አፍ ገለበጡት።

ብርሃን ሲመለስ ነጩ ፍሬ እየተንሿሿ ይወርዳል።
«የማነው?» አለ ገብያው፤ «የማነው?» አለ አንዳርጌ፤
መልሱን ከመዝገቡ አጣሁት፣ ገጽ በገጽ ፈልጌ።

ገብያው ዘገነ፣ አሸተተ። «ይሄ የታች ማሳዬ ነው፣
ሐይቅ ሐይቅ ይላል፣ አውቀዋለሁ፣ በመዳፌ ያደገ ነው።»
አንዳርጌም ዘገነ። ብዙ ቆየ። «የኔም እኮ ይሸታል እንዲሁ፤
አንድ ጎርፍ አይደል የሚያጠጣን?» አለ። ለማን እንዳለው እንጃ፣ እኔስ ሰማሁ።

«ለመሆኑ» አለች እናኑ «ያችን አንድ ክንድ ማን አረሳት ዘንድሮ?»
ማንም። ፍርድ ቤት አግዷታል። ሳር ውጧት፣ አይጥ ከትሞባት ኖሮ፣
ከግራም ከቀኝም ይበላል፣ የሁለቱን፣ ያለ ቀጠሮ።

ነጩን መዘንኩ። ሁለት መቶ ስልሳ ከግማሽ።
መቶ ሠላሳ ለዚህ፣ መቶ ሠላሳ ለዚያ፣ ግማሽ ኪሎ ተረፈ።
ሚዛኔ ሩብ አታውቅም።
«እሱ ይውሰዳት» አሉ ሁለቱም፣ አንዱ የአንዱን ስም ሳይጠራ።
መዝገቡ ለገብያው ዓምድ አለው፣ ለአንዳርጌም ዓምድ አለው፤
ይችን ግማሽ ኪሎ እንግዲህ በየትኛው ልጻፈው?
በማስመሪያ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ፣ ራስጌውን ባዶ ተውኩት፤
ሩዙንም በቲማቲም ጣሳ ከመስኮቱ ሥር አኖርኩት።

አልታረቁም። ቀጠሯቸው ጥር አስራ ሦስት ነው።
ጋሪው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ኪራዩን ተካፍለው፣
ጆንያ በጆንያ ላይ ጭነው፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣
አቧራው እስኪሸፍናቸው ቆሜ አየኋቸው።

«ቀጣይ ተራ!» አልኩ። እናኑ ናት።
መለኪያው አስራ አምስት አለ።
«ሸራ ላይ አስጪው፣ ነገ ነይ» አልኳት። ሰደበችኝ።
ጻፍኩት።